አንዲት «አለ»

ኦሸሪት መጀመሪያ ያቀረበችው የጥናት ጽሑፍ መግቢያው ላይ «ለውድ ሚስቴና ለሦስት ልጆቼ» የሚል ምስጋና ነበረበት። ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከኢንተርኔት ያገኘችውን የአንድ ምሁር ሥራ ከነምስጋናው፣ ከነግርጌ ማስታወሻው ገልብጣ፣ ስሟን ከላይ ለጠፈችና ዓይኗን በጨው አጥባ ለአስተማሪዋ ሰጠች። የበግ ሌባ እንኳ የባለቤቱ ምልክት እንዳይኖርበት የሰረቀውን በግ ጆሮ ያገላብጣል። እሷ ያን ያህል እንኳ አልደከመችም።

አስተማሪዋ ጋሊት ምስጋናውን ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ አነበበችው። ልጆቹ ሳቁ። ሳቁም እዚያ አላበቃም፤ ስንት ሳምንት ሙሉ በየኮሪደሩ «ሚስትሽ ደህና ናት?» እያሉ ሰላም ይሏት ነበር። ኦሸሪት ቤቷ ገብታ ማልቀሷን ማንም አላወቀም። ብታለቅስም ያመጣችው በራሷ ነው።

ከዚያ ጋሊት ለብቻዋ ጠራቻትና ነገሩን አስረዳቻት። ይህ ሥራ የባግሩት፣ ማለትም የእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ምስክር ወረቀት አካል ነው። ያለ እሱ ምስክር ወረቀት የለም፤ ያለ ምስክር ወረቀት ደግሞ ኦሸሪት የምትመኘው የነርስነት ትምህርት ቤት በሩን አይከፍትም። እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጠቻት። ከኢንተርኔት አንዲት ቃል እንዳትወስድ፣ በሕይወት ያለ ምንጭ ፈልጋ እንድታናግር አዘዘቻት። ሁለተኛ ካጭበረበረች ሥራው ይሰረዛል። ምንጭ እንዴት እንደሚመዘንም አስተማረቻት፦ ማን ነው የተናገረው? በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? በመናገሩ ምን ይጠቀማል? ስሙስ ይታወቃል? «ከሁሉ የሚታመነው ግን» አለች ጋሊት፣ «በገዛ ራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ነው።» ጥሩ ትምህርት ነበር። ችግሩ ምንጩ የሚናገርበትን ቋንቋ ተማሪዋ በቅጡ አለማወቋ ነው።

ኦሸሪት ምንጭ ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። የእናቷ የእናኑ አባት፣ አያቷ ምንይችል፣ እዚያው እነሱ በሚኖሩባት በአፉላ ከተማ ለብቻው ይኖራል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ፋብሪካ ነው የሠራ። አሁን ጠዋት ጠዋት ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ የሚወርደውንና የሚሳፈረውን ወታደር ሲመርቅ ይውላል። ሰው ሁሉ ያከብረዋል፤ የተከበረበትም ምክንያት አንድ ነው። እሱ አስፋውን የቀበረ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግድም ከጎንደር ገጠር ተነስተው ሌት ሌት ወደ ሱዳን ሲጓዙ አስፋው የሚባል ጎልማሳ በንዳድ ወደቀ። ጉዞው አይቆምም፤ መሪው አይጠብቅም። ሚስቱ የትነበርሽ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከሰው ጋር እያለቀሰች ቀደመች። ሊያስታምሙት ሁለት ሰዎች ከኋላ ቀሩ፦ ምንይችልና ጥሩሰው። በማግስቱ ደረሱና አስፋው እንደ ሞተ፣ ደረቁ ወንዝ ዳር ካለው ግራር ሥር እንደ ተቀበረ ተናገሩ። ጥሩሰው ራሱ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሞተ። ልጁ ማንያዘዋል እስራኤል ገብቶ አደገና የምንይችልን ልጅ እናኑን አገባ። እንግዲህ ኦሸሪት የሁለቱም ቀባሪዎች የልጅ ልጅ ናት።

የትነበርሽም የምትኖረው አፉላ ነው። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በመንገድ የቀሩት ሲታሰቡ፣ ሰው ፊት ጎንበስ ብላ የምንይችልን እጅ ትስማለች። «ባሌን አፈር ያለበሱልኝ» ትለዋለች። እሱ እጁን መንጭቆ ይወስዳል። ሰዉ ይህን ትሕትና ይለዋል።

ኦሸሪት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቷ ዘንድ ሄዳ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መቅጃውን ከፈተች። ስለ መንገዱ ንገረኝ አለችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን እንደ ሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እጁን ስመው ያልፋሉ። ለትምህርት ቤት ነው አለችው፣ በዕብራይስጥ የሚጻፍ። አስተማሪዋ ጎንደርን በካርታ እንኳ የማታውቅ ሴት ናት። ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘው ነገር ያን ቀን ሆዱን ፈጀው። ስም ሳይጠራ ተናገረ።

«ውሃ ፍለጋ ሄድሁ» አለ። «ራቀብኝ። ስመለስ መንገድ ላይ ነው የተገናኘን። ሞተ፣ አፈር አለበስሁት አለ። አመንሁ። ምን ላድርግ፣ ደክሞኛል። ኋላ ሱዳን ገብተን፣ ነፍሱ ልትወጣ ስትል፣ አልቀበርሁትም፣ እየተነፈሰ፣ ስሜን እየጠራ ጥየው መጣሁ አለ።»

«ነፍሱ የማን?» ብላ ጠየቀች ኦሸሪት።

«ስሙን ተይው። ልጆች አሉት።»

የኦሸሪት አማርኛ የመብልና የሰላምታ አማርኛ ነው። «ብላ»፣ «ጠጣ»፣ «እንዴት አደርክ» ድረስ ያደርሳታል፤ ከዚያ ወዲያ በዕብራይስጥ ትሻገራለች። ዕብራይስጥ የሌላ ሰው ቃል ሲጠቅስ «አለ»ን ከፊት ያቆማትና በሩን ከፍቶ ሰሚውን ያስገባል። የጎንደር ሽማግሌ ግን ሌላውን ሰው በ«እኔ» ያስወራውና፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ በአንዲት «አለ» በሩን ይዘጋዋል። ያቺ ቃል ከተጣለች የሌባው ቃል የባለቤቱ፣ የገዳዩም ቃል የምስክሩ ይሆናል። ኦሸሪት «ሁ» የሚል ድምፅ በሰማች ቁጥር «እኔ» ብላ ጻፈች። «አለ»ን ግን ሽማግሌዎች ትንፋሽ ሲወስዱ ጣል የሚያደርጓት ነገር መሰለቻትና ዘለለቻት። ልጆች ያሉትም በሽተኛው አስፋው መሰላት። ያልገጠመላትን የውሃውንና የሱዳኑን ነገር የሽማግሌ መዛባት ነው ብላ ሳትጽፈው አለፈች። እየጻፈች አለቀሰች፤ አያቷን ከመቼውም ይልቅ ወደደችው። በቴሌቪዥን እንደምታያቸው ሰዎች ጥፋቱን አውጥቶ የተናገረ ጀግና ሆነባት።

ጋሊትም አነበበችና አለቀሰች። ምንጩ ስም አለው፤ ቦታው ላይ ነበር፤ የሚጠቀመው የለም፤ ይባስ ብሎ በገዛ ራሱ ላይ መሰከረ። አራቱም ጥያቄ ተመለሰ። ዘጠና አምስት ሰጠቻት፤ ለአውራጃው ውድድርም ላከችላት። በኢየሩሳሌም ቀን መታሰቢያ ላይ ራሷ እንድታነበውም አዘጋጀች። ሚስት አላት እያለ ሲሳለቅባት የነበረ ክፍል ሁሉ አጨበጨበ። ኦሸሪት ለአያቷ ምን እንደምታነብ አልነገረችውም። ልታስደስተው ፈልጋ ነው።

መታሰቢያው የተደረገው በሠፈሩ የሕዝብ አዳራሽ ነው። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀመጡ፤ ምንይችል ከነሱ መሐል፣ የትነበርሽ ከጀርባው። ያን ዕለትም እጁን ስማ ነበር የተቀመጠች። ዕብራይስጥ ለማይሰሙት ሲባል ታደገ የሚባል ሰው ከኦሸሪት ጎን ቆሞ እየተከተለ ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር። ኦሸሪት በዕብራይስጥ «አልቀበርኩትም» ስትል ታደገ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ የተቀጠረበትን ሥራ ሠራ።

«አልቀበርሁትም» ብሎ ተረጎመ። «እየተነፈሰ፣ ስሜን እየጠራ ጥየው መጣሁ።»

ቃሉ ከአማርኛ ወጥቶ በዕብራይስጥ ዞሮ ወደ አማርኛ ሲመለስ መዝጊያውን ጥሎ መጣ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ኑዛዜ በሕያው ሰው ጫንቃ ላይ ተቀመጠ። ወጣቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ አጨበጨቡ። ሽማግሌዎቹ አላጨበጨቡም። ከምንይችል ግራና ቀኝ የነበሩት ሰዎች ምንም ሳይናገሩ ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ። የትነበርሽ ልጆቿ ደግፈዋት ወጣች። ምንይችል እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ቀረ። ኦሸሪት መጥታ ስታቅፈው ሰውነቱ ደረቅ ነበር፤ እሷ ግን እንባውን የሚይዝ መሰላት።

በሦስተኛው ቀን አስጠራት። ያለውን እንድታሰማው ጠየቃት። ስልኳን ከፈተች። ሽማግሌው የገዛ ድምፁን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ «አለ» በተባለ ቁጥር አንድ ጣቱን ከፍ ያደርግ ነበር። ሲያልቅ፣ «ይቺን ምን አደረግሻት?» አላት።

መጀመሪያ አልገባትም። አስረዳት፤ ደግሞ አስረዳት። ሲገባት ከወንበሩ ወርዳ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

«ታዲያ ማን ነው ያለው?»

«የአባትሽ አባት ነው» አለ ምንይችል። «ለልጄ እንዳትነግርብኝ ብሎ አስምሎኛል። እኔም ምየለታለሁ። ሙት ወቃሽ አልሆንም። አንቺም ይህን የሰማሽ እንድታውቂ ነው እንጂ እንድታወሪ አይደለም። ለአስተማሪሽ ብቻ፣ ሌላ ሰው ነው ያለው ብለሽ አስተካክይልኝ። ስም ሳትጠሪ።»

እሱም ንጹሕ አልነበረም፤ ይህንን ራሱ ያውቃል። አስፋው አለመቀበሩን እያወቀ ያቺ ሴት በየዓመቱ እጁን ስትስም ዝም ብሏል። ቢሆንም ሌላው ሰው የሠራውን እሱ አልሠራም። የጠየቀውም ትንሽ ነገር ነው፤ አንዲት ቃል ወደ ቦታዋ እንድትመለስ።

ኦሸሪት በማግስቱ ጋሊት ዘንድ ሄደች። አማርኛውን አዛብቼዋለሁ፣ የተናገረው ሌላ ሰው ነው አለቻት። ጋሊት መነጽሯን አወለቀች። ታዲያ የሌላው ሰው ስም ማን ነው? ኦሸሪት ልናገር አልችልም አለች። ጋሊት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ባለ ደንብ ናት። ስም የሌለው ምንጭ ምንጭ አይደለም አለቻት። ሥራው ለአውራጃ ሄዷል። ዋናው ምስክርነት ውሸት ነበር ከተባለና እውነተኛው ምንጭ ካልታወቀ፣ ያ የመጀመሪያው መገልበጥም ስላለ፣ ሥራው ይሰረዛል። ከፈለግሽ ግን ቀረጻውን አምጪና ታደገ ይስማው፤ እሱ ቋንቋውን ያውቃል፣ እሱ ይፍረድ አለቻት።

ታደገ ቢሰማ በአንድ ጊዜ ያውቃል። አስፋውን ለማስታመም የቀሩት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን የማያውቅ የአፉላ ሽማግሌ የለም፤ አንዱ ካልሆነ ሌላው ነው። ኦሸሪት አባቷን አሰበች። ማንያዘዋል የአባቱን ስም ሲጠራ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። የነርስነት ትምህርት ቤቱን አሰበች። በኮሪደሩ የሚጠብቃትን ሳቅም አሰበች፤ እውነቱን ለመናገር ከአባቷ ይልቅ ያስፈራት እሱ ነው። ስሙን ብትናገር አባቷ ይዋረዳል፤ ስሙን ሳትናገር ብታስተካክል የምስክር ወረቀቷ ይቀራል። ዝም ካለች የሚጎዳው አንድ የማይከራከር ሽማግሌ ብቻ ነው። ሰው ሲጨንቀው የሚረግጠው የማይጮኸውን ነው።

«ተሳስቼ ነው» አለቻት ለጋሊት። «መጀመሪያ የጻፍኩት ልክ ነበር።»

ጋሊት ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ኦሸሪት ከትምህርት ቤት ወጥታ ቤት ሳትደርስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ ቀረጻውን አጠፋችው። ታደገም ሆነ ሌላ ሰው ድንገት እንዳይሰማው ነው። ስልኩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። ነኝ አለች።

ለአያቷ ተስተካክሏል አልተስተካከለም አላለችውም። እሱም አልጠየቀም። ተስተካክሎ ይሆናል ብሎ ወሬው እስኪበርድ መጠበቅ ጀመረ። ወሬው አልበረደም። አውቶቡስ ጣቢያው ሲሄድ እኩዮቹ ሰላምታውን ይመልሱለትና አንድ በአንድ ጉዳይ አለን እያሉ ይነሱ ነበር። አንድ የለቅሶ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ምግብ የምታቀርበው ሴት በፊቱ አለፈች፤ ስትመለስም አለፈች። እናኑ አባቷን ማየት ተወች፤ ስልክ ስትደውል የመድኃኒቱን ነገር ብቻ ጠይቃ ትዘጋለች። ማንያዘዋል ብሶበት ነበር። የኔ አባት ‹ቀበርሁት› ሲለው አምኖ፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ስሙ ተነስቶ መኖሩ ያንገበግበኛል ብሎ እራት ላይ ተናገረ። ኦሸሪት ሳህኗ ላይ አቀርቅራ በላች። ምንም አልቀረባትም፤ ሁሉን ጨርሳ በላች።

አንድ ዓርብ ጠዋት አያቷ ቤት ልታጸዳለት ሄዳ ሳለ በር ተንኳኳ። የትነበርሽ ናት፤ ብቻዋን። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለብሳለች። ኦሸሪትን አላየቻትም ማለት ይቻላል። አልቀመጥም አለች። ምንይችል ተነስቶ ቆመ።

«አያ ምንይችል፣ ልቆጣዎት አልመጣሁም» አለች። «ሠላሳ ዓመት አልቅሼ ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ነው። ስሜን ይጠራ ነበር ብለዋል። የእርስዎን ስም ብቻ ነው የጠራ? እኔንስ አልጠራኝም?»

ምንይችል እዚያ አልነበረም። ውሃ ፍለጋ ሄዶ ነበር። አስፋው የማንን ስም እንደ ጠራ የሚያውቀው ሰው ሱዳን አፈር ውስጥ ነው። ሽማግሌው ወደ ኦሸሪት ተመለከተ፤ ያየውም ለአፍታ አይደለም። ያኔ አንድ ቃል ብትናገር መሐላውን ያፈረሰው እሱ አይሆንም። እሷ አልማለችም። ኦሸሪት መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነክራ ጨመቀችው፤ ደግማ ነከረችው።

የትነበርሽ መልስ እየጠበቀች ቆማ ነበር፤ ፊቷ የልጅ ፊት መስሎ። ምንይችል ባዶ እጇን ሊሰዳት አልቻለም።

«አንቺን ነው የጠራ» አላት። «ደጋግሞ አንቺን ነው የጠራ።»

የትነበርሽ ዓይኗን ጨፈነች። ለጥቂት ጊዜ በረከት የተቀበለች ትመስል ነበር። ከዚያ ነገሩ በሌላ በኩሉ ገባት፤ ባሏ ስሟን ደጋግሞ እየጠራ ይህ ሰው ጥሎት ሄዷል። ዕድሜዋን በሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት «አንተ» አለችው።

«እሱን አፈር ነስተህ እጅህን አሳምኸኝ ኖርህ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እግዜር ቀባሪ ይንሳህ። ስትሞት አፈር የሚያለብስህ አትጣ ብዬ የመረቅሁህን ሁሉ መልሼ ወስጃለሁ። ሬሳህ ደጅ ይደር።»

ወጣች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

ምንይችል አውቶቡስ ጣቢያውን ችሏል፤ የለቅሶ ቤቱን ችሏል፤ የልጁን ዝምታ ችሏል። ይሄኛውን አልቻለም። ከእርጅናው በላይ ፈጥኖ ወንበሩን ተደገፈ። ማፈሩን ተወ፤ መሐላውንም ተወ።

«ጥሪያት» አለ። «ልጄ፣ ሩጪ መልሻት። ድምፄን አሰሚያት። እዚያ ላይ አለ አይደል? ‹አለ› ብያለሁ፣ ትስማው። ጥሩሰው ይቅር ይበለኝ። ትስማው።»

ኦሸሪት ከባልዲው ቀና አለች። «ማሐክቲ» አለች በዕብራይስጥ፣ በቀስታ። አልገባውም። ምን አልሽ ብሎ ጆሮውን አስጠጋላት፤ ፊቱ ላይ ገና ተስፋ ነበር። አማርኛውን ፈልጋ እስክታገኘው ድረስ ጥቂት ቆየች።

«አጠፋሁት።»

የትነበርሽ ገና ደረጃውን እየወረደች ነበር፤ አሮጊት ናት፣ አትፈጥንም። አንድ ሰው ቢሮጥ ይደርስባት ነበር፤ ቀረጻ ባይኖርም አፍ አለ። ኦሸሪት አልሮጠችም።